ወደ መካነ ሰላም ይዤው የሄድኩት ወረቀት

መካነ ሰላምን አብዛኞቻችሁ አታዩዋትም። ጎብኚ የሚጎርፍበት ቤተ መንግሥት የላት፣ ፎቶ የሚነሱበት ሐይቅ የላት። እኔም ሥራ ባይልከኝ ኖሮ አልረግጣትም ነበር። አሁን ተመልሼ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ስለ ከተማዋ ላወራ አፌን ስከፍት ግን የሚቀድመኝ የራሴ ሐፍረት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አብሬ እጽፋለሁ። የሚታዘበኝ ይታዘበኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ልናገር። የምሠራው ለትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚሸጥ አንድ ድርጅት ነው። መምህራን በሴሚስተር መጨረሻ የተማሪውን ውጤት የሚደምሩበት፣ አማካይና ደረጃ የሚያወጡበት ሮስተር የሚባል ሰፊ ወረቀት አለ። የኛ ፕሮግራም ያንን ይሠራል። "የኛ" እንላለን እንጂ መሠረቱን የጻፍነው እኛ አይደለንም። ባሕር ማዶ ያሉ የማናውቃቸው ሰዎች ጽፈው፣ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገው የለቀቁት ነው። ማንም ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ከፈለገም ይሸጠዋል። ፈቃዱ የሚጠይቀው የጻፉትን ሰዎች ስም እንዳትፍቅና አንተም ያሻሻልከውን እንደተከፈተ እንድትተወው ብቻ ነው። እኛ ቀለሙን ቀየርን፣ አማርኛ አለበስነውና በሩን ዘጋነው። አለቃዬ ደግሞ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜው የሚያሰላውን ክፍል "የራሳችን ፈጠራ ነው" ብሎ ፓተንት፣ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የባለቤትነት መብት፣ ሊያወጣበት አመልክቷል።

በኛ ሙያ ይህ እንደ ነውር አይታይም። ውድድር ማለት የተሻለ መጻፍ መሆኑ ቀርቶ ሌላው እንዳይጽፍ መከልከል ሆኗል። የውጭዎቹ ግዙፍ ኩባንያዎች በፓተንት ሲካሰሱ ይኖራሉ፤ እኛ ሀብታቸውን መኮረጅ ሲያቅተን ክሳቸውን ኮረጅን።

ታዲያ የደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች መግዛት አቆሙ። ሲጣራ፣ መካነ ሰላም ያለች ዘሃራ የምትባል የኮምፒዩተር መምህርት ከዚያው ክፍት ፕሮግራም ላይ አማርኛውን ሠርታ በፍላሽ በነጻ ታድላለች። ደጎሎ ደርሷል፣ ማሻ ደርሷል፣ ኩታበር ሳይቀር ገብቷል። አለቃዬ ወረቀት አዘጋጀ፤ "ፕሮግራሙን ከነዘመን አቆጣጠሩ ማከፋፈሌን አቆማለሁ፣ የባለቤቱን መብት አከብራለሁ" ይላል። "ሂድና አስፈርማት። እምቢ ካለች ፍርድ ቤት እንገናኛለን በላት" አለኝ።

ደወልኩላት። "ስለ ሮስተሩ ፕሮግራም ነው፤ ከአዲስ አበባ ልመጣ ነበር" ከማለቴ የሴትዮዋ ድምፅ በደስታ ተቀየረ። ለካስ ፕሮግራሙ ግርጌ ላይ "የሚያሻሽል ነገር ያለው ይደውልልኝ" ብላ ስልኳን ጽፋለች፤ ከአዲስ አበባ የደወለላት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። "ሊያግዙኝ ነው የሚመጡት?" አለችኝ። እኔም "እ..." ብዬ ዝም አልኩ። የጉዞው መከራ ሁሉ የመጣው ከዚያች "እ..." ነው።

በመጀመሪያው ቀን ደሴ ገባሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን፣ ጣርማ በር ላይ ብርዱ መስኮቱን አልፎ ጉልበቴን ያዘኝ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ሾፌሩ በስልክ እያወራ ወጣው። ያደርኩበት ሆቴል ቧንቧው ደርቆ ነበር። ላማርር ወደ እንግዳ መቀበያው ስወርድ ባለቤትየው ራሳቸው ሙቅ ውኃ በጀሪካን ይዘው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። አዲስ አበባ ቢሆን "ቧንቧ ቤት ደውል" ነበር መልሱ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ምዕራብ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከሪያድ የተመለሰች ናት፤ የአቃስታ ልጅ ነኝ አለችኝ። ሁለታችንም ጎማ ያላት ጥቁር ሻንጣ ይዘናል። መንገዱ ሜዳው ላይ ሲወጣ ገብስና ስንዴ እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሄዳል። ሴትዮዋ አቃስታ ላይ ወረደች፣ ረዳቱ ሻንጣዋን ከጣራው አወረደላት፣ ደህና ሁን ብላኝ ሄደች።

መካነ ሰላም መናኸሪያ ስደርስ የቀረልኝ ሻንጣ የሷ ነበር። ለማረጋገጥ ብዬ ሰው ፊት ከፈትኩት፤ የሴት ሽቶ፣ ቴምር፣ የሕፃን ጫማ። ዙሪያዬን የከበበው ሰው መቼም አይለቅም። "ኢንጂነሩ ለማን ነው ሽቶው?" ይለኛል አንዱ። "ተወው፣ ሚስት ሊያገባ መጥቶ ነው" ይላል ሌላው። የምጠብቃት ዘሃራ በዚህ መሃል ከእናቷ ከእትዬ ሰዓዳ ጋር ደረሰች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጣን፣ ስታወራ መነጽሯን ደጋግማ የምታስተካክል ሴት ናት። ሆቴል ይዣለሁ ብላቸው እትዬ ሰዓዳ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

"ልጄን ሊያግዝ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሰው ሆቴል ያድራል? ምን ሊሉን ነው?" አሉ። ስለ ሻንጣውም "አብሽር፣ ይመጣል። የሰው ሐቅ የትም አይቀር" አሉኝ። አብሽር ማለት እዚያ አገር አይዞህ ማለት ነው።

ቤታቸው አንድ ሰፊ የእንግዳ ክፍል አለው፤ ጅዳ ያለው ወንድ ልጃቸው በላከው ገንዘብ የተሠራ ነው። ቅያሪ ስለሌለኝ የልጃቸውን ሹራብና ጃኬት አወጡልኝ። ልክ ሆነኝ። እትዬ ሰዓዳ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ማሻ አላህ፣ እሱን መሰልክ" አሉ። የልጃቸውን ልብስ ለብሼ፣ እህቱን የማስፈርምበትን ወረቀት በላፕቶፕ ቦርሳዬ ይዤ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

እራት ዶሮ ወጥ ነው። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ስለዚህ እንዴት አድርጌ እንደምተወው ስጨነቅ አንዲት ነጠላ ያደረጉ ሴት ድስቱን ተሸክመው ገቡ። ጎረቤት ናቸው። ለካ እትዬ ሰዓዳ ዶሮዋን ገዝተው ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተዋል፤ የሴትዮዋ ባል ባርከው አርደዋል፣ ሴትዮዋ በራሳቸው ድስት ሠርተዋል። የቤቱ ሰዎች እሷን አይበሉም፤ ለኔ ብቻ ነው የተሠራችው። እነሱ ሽሯቸውን በጎን አቅርበው "ብላ እንጂ፣ ምነው አፈርክ?" ይሉኛል። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከኔ በር ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስም አላውቀውም። እዚህ አንድ እንግዳ ለማብላት ሁለት ቤት ተንቀሳቅሷል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዬ መጣ። ረዳቱ የአቃስታዋን ሴት ስልክ አፈላልጎ አግኝቷት ኖሮ፣ በመጀመሪያው መኪና ሰድዳልኝ፣ የሷንም በዚያው መኪና መልሼላት ሳበቃ እሷው ደወለችልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁላችንም ሰማናት።

"ወንድሜ፣ አፉ በሉኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የወንድ ሸሚዝ፤ ደነገጥኩ። በዚያ ሰዓት መኪና ከየት ይምጣ፤ የሰው ዕቃ ቤቴ አደረብኝ። አፉ በሉኝ።"

"ምንም አይደለም" አልኩና ስልኩን ዘግቼ ወደ እትዬ ሰዓዳ ዞርኩ። "አፉ በሉኝ ማለት ምን ማለት ነው?"

ሳቁብኝ። "ይቅር በሉኝ ማለት ነዋ። እናንተ አገር አይባልም?"

እኛ አገር አይባልም። እኛ አገር "አፉ" የሰው አፍ ነው። ነገር ግን ቃሏን አውቃታለሁ። የኛ ድርጅት ፕሮግራም ውስጥ፣ በዚያው በዘመን አቆጣጠሩ ክፍል፣ ቀኑ በስህተት ሲገባ "አፉ በሉኝ፣ እንደገና ይሞክሩ" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ደንበኞች እየደወሉ "የማን አፍ ነው?" ይሉናል። አለቃዬ "የፊደል ስህተት ነው፣ ይቅርታ በሉት" ብሎን የተወሰነ ቦታ ላይ ቀየርነው፤ የቀረውም ቀረ፤ ቢሮ ውስጥ መቀለጃ ሆነ። ማን እንደጻፈው ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ክፍሉን አለቃዬ ነው በፍላሽ አምጥቶ "ይኸው፣ አስገቡት" ያለን። እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ስስቅበት ነበር፤ አሁን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ከቁርስ በኋላ ዘሃራ ትምህርት ቤቷ ወሰደችኝ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ጥቂት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ፤ ፕሮግራሟን በራሷ ላፕቶፕ ላይ ከፈተችልኝ። ሆን ብዬ የሌለ ቀን፣ ጳጉሜ ሃያ ብዬ አስገባሁ። "አፉ በሉኝ፣ እንደገና ይሞክሩ" አለ።

"ይህን መቼ ነው የጻፍሽው?" አልኳት።

"ወንድሜ ይህን ላፕቶፕ የላከልኝ ጊዜ። መጀመሪያ የሠራሁት ክፍል እሱ ነው። 'ይቅርታ' ልል ነበር፤ ይቅርታን ባለሥልጣንም ይለዋል፣ ባንክም ይለዋል። ሰው እንዲመስል ፈለግኩ።" ከዚያ ኮዱን አሳየችኝ። መስመር በመስመር የኛ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የሷ ላይ ከአናቱ ስሟ አለ፣ የኛ ላይ እዚያ ቦታ ባዶ ነው።

ይህን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እሷ ስለ ሥራው በደስታ ታወራለች፤ ርዕሰ መምህሩ መጥተው ጨበጡኝ፣ "አዲስ አበባ እኛን አስታወሰችን ማለት ነው" አሉኝ፣ አንድ ሁለት መምህራን አብረውኝ ፎቶ ተነሱ። ዘሃራ ለነሱ ነገሩን ስታስረዳ የምትለው ሁሌም አንድ ነው። ቅሬ የሚሉት የኛው እድር ነው፤ የቅሬው ትልልቅ ድስት ለለቅሶም ለድግስም የሁሉ ነው። "ይህ ፕሮግራም የቅሬ ድስት ነው" ትላለች። "የወሰደ አጥቦ ይመልሳል፣ የተበሳ ያገኘ አስበይዶ ይመልሳል። ኢንጂነሩም ሊበይዱልን ነው የመጡት።" ሁሉም ወደኔ ዞረው ፈገግ ሲሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለውን እኔ እስከዛሬ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። ደሞዝ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ የኔ ሥራ ማስፈረም ብቻ ነው እያልኩ ከቤታቸው ምሳ በላሁ። ከሰዓትም እትዬ ሰዓዳ ገበያ ይዘውኝ ወጡ፤ ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት "የልጄ እንግዳ ነው" ይሉኛል። አንዱ ነጋዴ ስሙን ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ አሰጥቶኝ በሶ በላስቲክ ቋጥሮ በእጄ አስያዘኝ። ተቀበልኩ። ማታም እራት በላሁ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሰዓዳ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ከዘሃራ ጋር ቤት ቀረን። ተጨማሪ ቀን መዋሸት አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት።

"ምንድን ነው፣ የማሻሻያ ሐሳብ ነው?" አለች፣ መነጽሯን እያስተካከለች።

አነበበችው። ከመጀመሪያው ጀምራ ደግማ አነበበችው። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"ይህን ይዘህ ነው የመጣኸው?"

እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ነበር የምትለኝ። ተቆጥታ ብትጮህብኝ ያችን "አንተ" ያህል አታመኝም ነበር።

"አዎ" አልኳት።

"የዘመን አቆጣጠሩ የኔ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"ስነሳ አላውቅም ነበር። እዚህ ነው ያወቅኩት። ሻንጣው የመጣ ዕለት፣ ትናንት። አለቃዬ በፍላሽ አምጥቶ ሲሰጠን ስምሽ አልነበረበትም።"

"ትናንት" አለች። "ትናንት ምሳ ስትበላ ታውቅ ነበር። ገበያ እናቴ ስታዞርህ ታውቅ ነበር።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ብትሸጡት እኮ አልቀየምም" አለች። "ፈቃዱ ይፈቅድላችኋል። ስሜን ፍቃችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ዞራችሁ ደግሞ ሌባዋ እኔ ልሁን? ይህን ብፈርም የደጎሎ መምህር ሮስተሩን በምን ይሠራል? የናንተው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። እዚህ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስንት ጊዜ እንደምንቆይ ታውቃለህ? ልጆቹ የውጤት ካርድ ሳይዙ ነው የሚቀሩት።"

"ካልፈረምሽ ይከሱሻል።"

"በራሴ ሥራ።"

"በራስሽ ሥራ።"

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። "እንግዲያው አንተ ጻፍ" አለች። "ያየኸውን። የማን እንደሆነ፣ ፍላሹን ማን እንዳመጣው፣ ስሙ ከየት ላይ እንደተፋቀ። ስምህን ጽፈህ ፈርምበት። እኔ ከዚህ ተነስቼ አዲስ አበባ ካለ ጠበቃ ጋር በምን እከራከራለሁ? ከድርጅታችሁ ውስጥ የሆነ ሰው ካልመሰከረልኝ ማን ያምነኛል?"

"ሥራዬን አጣለሁ፣ ዘሃራ።"

"እሺ" አለች። አልለመነችኝም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችው። "ለእናቴ አልነግራትም። እንግዳዋ ነህ፤ ቤቷ እስካለህ ድረስ አላስቀይማትም።"

የዚያን ቀን እራት የጎረቤቲቱ ድስት እንደገና መጣ። እትዬ ሰዓዳ ትልቁን ቁራጭ መርጠው ከፊቴ አደረጉ፤ ዘሃራ እጄን አስታጠበችኝ፣ ቀና ብላ አላየችኝም። ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። እናቴ በልጅነቴ ወጪት ሰባሪ ከሚሉት ሰው ጋር ማዕድ አትቁረስ ትለኝ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እየበሉ መሆኑን የምናውቀው እኔና ዘሃራ ብቻ ነን።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መኪናው ሲሞላ ረዳቱ ይደውላል ተባለና እደጁ ላይ ቆምን። የልጃቸውን ጃኬት አውልቄ ሰጠኋቸው፤ እትዬ ሰዓዳ መልሰው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። "መንገዱ ብርድ ነው። እሱ ሌላ ይገዛል" አሉ። ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሻንጣዬ ላይ አሰሩልኝ። ጎረቤቲቱም በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ከዚያ እትዬ ሰዓዳ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ጎረቤቲቱም ዘረጉ፤ ዱዓው ሲጀመር እዚያ ቤት የእስላም የክርስቲያን የለም። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

"መንገዱን ያቅልልህ።"

"አሚን" አልን።

"ቤትህን በሰላም ያግባህ።"

"አሚን።"

"ልጄን ብለህ አገር አቋርጠህ መጣህ፤ የመጣህበትን ጉዳይ አላህ ይሙላልህ።"

ጎረቤቲቱ ብቻቸውን "አሚን" አሉ። ዘሃራ እጇን እንደዘረጋች ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እትዬ ሰዓዳ ዓይናቸውን ገለጡ።

"በሉ እንጂ" አሉ። "አሚን የማይባልበት ዱዓ አይደርስም።"

"እትዬ ሰዓዳ፣ አሚን አልልም" አልኳቸው። "የመጣሁበት ጉዳይ መሙላት የለበትም። ልጅዎን ላግዝ አልመጣሁም። የሠራችውን ሥራ የኛ ድርጅት ስሟን ፍቆ ወስዶታል፤ እኔ የመጣሁት የኔ አይደለም ብላ እንድትፈርም ነው። እሷ ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ከማዕድዎ በላሁ።"

ጎረቤቲቱ እጃቸውን አወረዱ። እትዬ ሰዓዳ ልጃቸውን አዩዋት፤ ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ፊቴን፣ የልጃቸውን ጃኬት፣ እንደገና ፊቴን። ጃኬቱን አውልቅ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሉኝም ደስ ባለኝ። አላሉኝም። የዘረጉትን መዳፍ ግን አላወረዱም።

"እንግዲያው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያልመጣህበትን ይስጥህ።"

ዘሃራ "አሚን" አለች።

እኔም "አሚን" አልኩ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በባዶው ጀርባው ገለበጥኩትና ዘሃራን እስክሪብቶ ለመንኳት።